ከድንኳኑ አስቀድሞ አካፋው

በሚኒሶታና በኮሎራዶ፣ በካናዳና በኖርዌይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር በብርዱ ወራት ወደ ጫካ ወጥተው በበረዶ ላይ ለማደር ሲነሡ፣ ወላጆች በሁለት ሐሳብ ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ነገሩን በገዛ እጅ ሞትን እንደ መፈለግ ቈጥሮ ፈጽሞ ይከለክላል፤ ሌላው ደግሞ ዋጋው የከበደ ድንኳን ከገዛ የልጁን ደኅንነት አብሮ የገዛ ይመስለዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከነገሩ ሥር አልደረሱም፤ በበረዶ ላይ ሰውን በሕይወት የሚያሳድረው ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት በትዕግሥት የሚሠራው ሥራ ነውና።

ድንኳን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1636 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ጎንደርን መናገሻ እስኪያደርጉ ድረስ ነገሥታቱ ከነሠራዊታቸው ብዙውን ዘመን በድንኳን ሲዘዋወሩ ኖረዋል፤ ዛሬም ሠርጉም ሆነ ልቅሶው ያለ ድንኳን አይሆንም። ነገር ግን ካስማችን ሁልጊዜ የጸናው ምድሪቱ አጥብቃ ስለ ያዘችው ነው። አዲስ የወረደ በረዶ እንደ ባዘቶ የለሰለሰና አየር የሞላበት በመሆኑ፣ ቀጭኑን ካስማ አቁመው ቢተክሉበት የመጀመሪያው ነፋስ ነቅሎ ይወስደዋል።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ድንኳኑን ከከረጢቱ ሳያወጡ ቦታውን ይመረምራሉ። የበረዶ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ቁልቁለት ስለሆነ ከእንዲህ ያለው ተዳፋት ግርጌ ይርቃሉ፤ ቅርንጫፉ በረዶ ተሸክሞ ከጎበጠ ዛፍ ሥርም አያድሩም። ከዚያም ሰፊውን የበረዶ ጫማ እንደ ተጫሙ ቦታውን እየተመላለሱ ይረግጡታል፣ በአካፋ ያስተካክሉታል፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜም ሳይነኩ ይተዉታል። ይህ መጠበቅ ለደከመውና ለበረደው ሰው እጅግ ከባድ ነው፤ ሆኖም የተረገጠው በረዶ ቅንጣቱ ከቅንጣቱ ጋር ተያይዞ የሚጠነክረው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ሳይጠብቅ የተኛ ሰው፣ የገላው ሙቀት ከሥሩ ያለውን በረዶ እያጎደጎደበት ሌሊቱን ተጣሞ ያድራል፤ ጉድጓዱም መልሶ ስለሚረጋ በማግሥቱ ማስተካከሉ አይሆንለትም።

ካስማውም የሚቀበረው ተጋድሞ ነው። አውታሩን በካስማው ወገብ ዙሪያ አሳልፈው ጫፉን ወደ ላይ ያወጡታል፤ ግማሽ ሜትር ያህል የጠለቀ ቦይ ቈፍረው፣ ካስማውን ለአውታሩ ስበት አግድም አስተኝተው በረዶውን መልሰው ይረግጡበታል። ካስማ ባይኖር ወፍራም እንጨት ወይም በረዶ የተሞላ ከረጢት ያንኑ ሥራ ይሠራል። የተቀበረው ነገር ጥቂት ቈይቶ በሰው ጉልበት እስከማይነቀል ድረስ ይጸናል፤ የአውታሩ ጫፍ ከላይ መታሰሩም ሲነጋ ፈትቶ ገመዱን ለመሳብ ነው። ይህችን ትንሽ ነገር ያላሰበ ሰው በንጋት ውርጭ ካስማውን በአካፋ ሲፈልግ ጣቱ ይደነዝዛል።

ነፋስ በሚመጣበት በኩል የበረዶ ግንብ መሥራት፣ በደጃፉም ሰው ተቀምጦ እግሩን የሚያወርድበትና ቀዝቃዛው አየር የሚወርድበት ጉድጓድ መቈፈር የዚሁ ሥራ ተከታዮች ናቸው። ድንኳን ነፋስ ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይወልድም፤ ሙቀትን የሚጠብቁት የመኝታው ከረጢትና ከሥሩ የሚነጠፈው ወፍራም ስፖንጅ ናቸው። ወላጅ በድንኳኑ ጨርቅ ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ምንጣፉን ሲቈጥብ ማየት ያሳዝነኛል።

በእንግሊዛዊው አሳሽ በሮበርት ስኮት ጉዞ ውስጥ የነበሩት ዊልሰን፣ ባወርስና ቼሪ ጋራርድ የኢምፐረር ፔንግዊን እንቍላል ፍለጋ፣ በ1911 በአንታርክቲካ የጨለማ ወራት ወደ ኬፕ ክሮዚየር ተጕዘው ነበር። ብርዱ በመንገድ ላይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ደርሶባቸዋል። በዚያም ሳሉ ዐውሎ ነፋስ ድንኳናቸውን ነጥቆ ወሰደ፤ ከድንጋይ የሠሩት መጠጊያም ጣሪያው ተቀደደ። ሦስቱ ሰዎች በመኝታ ከረጢታቸው ውስጥ ሆነው በረዶ እየተከመረባቸው ቈዩና፣ ነፋሱ ሲበርድ ድንኳኑን ከቁልቁለቱ በታች ስላገኙት ብቻ ከሞት ተረፉ። ከዚያ ወዲያ ባወርስ ሲተኛ የድንኳኑን ገመድ ከራሱ ጋር ያስር ነበር። የነፋስን ኃይል ያየ ሰው ስለ ካስማ የሚያስበው እንዲህ ነው።

ከነፋስ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን የምድጃ ጭስ ነው። አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ በርድ በ1934 በዚያው በአንታርክቲካ በበረዶ በተቀበረች ጎጆ ብቻውን ሲከርም፣ ከምድጃውና ከመብራት ሞተሩ በሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዞ ለሞት ደርሶ ነበር፤ ባልደረቦቹ ነሐሴ ላይ ደርሰው አዳኑት። ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛ ቤተ ሰብ ሲነጋ ሞቶ መገኘቱን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነውና። መርዙ ሽታ የለውም፤ በድንኳን ውስጥም በረዶ የአየሩን መግቢያ ሲደፍነው አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ቡታጋዝ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከቶ አይለኰስም፤ የአየሩ መስኮትም ብርዱ ምንም ቢጸና ክፍት ሆኖ ያድራል። የተኙት ሰዎች እስትንፋስ በጨርቁ ላይ አመዳይ ሆኖ ፊታቸው ላይ ቢረግፍ እንኳ፣ መስኮቱን ዘግቶ ከመሞት ረጥቦ መንቃት ይሻላል።

እንግዲህ ልጆቻችሁ በበረዶ ላይ ለማደር ቢለምኗችሁ አትከልክሏቸው፤ ነገር ግን ከድንኳኑ አስቀድማችሁ አካፋ ግዙላቸው፣ የመጀመሪያዋንም ሌሊት ከቤታችሁ ጓሮ፣ በር ሳይቈለፍ አብራችኋቸው እደሩ። በረዶውን ረግጠው መጠበቅንና የአየሩን መስኮት መክፈትን ያለ አስታዋሽ እስኪለምዱ ድረስ ወደ ተራራው አትልቀቋቸው።