ሳይታወቅ የተነሣ ስለሚመስል የልብስ ሥዕል

ለሚስት ወይም ለሴት ልጅ ልብስ ለመግዛት ባሰብን ጊዜ አስቀድመን የምናየው ሥዕሉን ነው። ሥዕሉም ፎቶግራፍ ከሆነ እናምነዋለን፤ ልብሱ በእውነት ተሰፍቶ ሰው ለብሶት ታይቷልና። ዛሬ ግን ያልተሰፋን ልብስ ያልተወለደች ሴት ለብሳው፣ ባልነበረ መንገድ ስትሄድ የሚያሳይ ሥዕል ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ጥበብ በጥቂት ጊዜ ይሠራል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መሣሪያው እጅግ ብዙ ሥዕሎችን ከነመግለጫቸው ይማራል፤ ከዚያም የሚፈለገው ነገር በቃል ሲጻፍለት፣ መልክ ከሌለው የነጠብጣብ ብዥታ ተነሥቶ በየደረጃው እያጠራ ወደ መልክ ያደርሰዋል። ነገር ግን በልማድ የሚያወጣው መልክ ከመጠን ያለፈ የተስተካከለ ነው፤ ቆዳው እንደ ሰም የለሰለሰ፣ ልብሱም መጨማደድ የማያውቅ። ስለዚህ የሚያሠሩት ሰዎች ጉድለትን በትእዛዝ ይጨምሩበታል። የቆዳዋ ቀዳዳ ይታይ፤ ከጆሮዋ ኋላ ያመለጠ ጠጉር ይኑር፤ በክርኗ ላይ ልብሱ ይጨማደድ፤ የስልክ ብልጭታ ፊት ለፊት ይምታት፤ ከመካከል ወጣ ብላ ትቁም፤ ወደ ካሜራውም አትመልከት ይላሉ። የሠለጠነ ሐሰተኛ ምስክርም በችሎት ፊት እንዲሁ ነው፤ ቃሉ እንዲታመንለት አንዳንዱን የረሳ ይመስላል።

ይህ ሳይዘጋጁ የተነሡ የመምሰል ነገር ከመሣሪያው ጋር የተወለደ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1933 (የቀሩትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ሀንጋሪያዊው ማርቲን ሙንካቺ ለሃርፐርስ ባዛር መጽሔት ሉሲል ብሮካውን በሎንግ አይላንድ ባሕር ዳር ስትሮጥ አነሣት። እስከዚያ ድረስ የልብስ ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ በቤት ውስጥ፣ ሴቲቱ እንደ ሐውልት ቆማ የሚነሣ ነበር። ሩጫው በትእዛዝ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ሴቲቱ ነበረች፤ ባሕሩም፣ ካባውም ነበረ። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

በማርች 2023 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ነጭ የብርድ ካፖርት ለብሰው የሚታዩበት ሥዕል በዓለም ተሠራጭቶ ብዙ ሰው እውነት መስሎት ነበር። የጣታቸውና የመነጽራቸው አሳሳል አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ይመሰክር ነበር፤ ነገር ግን ማን አስተውሎ? ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ስሕተት እጅግ ስለ ቀነሰ፣ ጣት በመቁጠር ብቻ መታመን አይገባም። በ2025 ደግሞ ገስ የተባለው የልብስ ድርጅት በአሜሪካው ቮግ መጽሔት የኦገስት እትም ላይ ያወጣት ሴት በዚሁ ጥበብ የተሠራች ነበረች፤ ይህም በገጹ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። ብዙ አንባቢዎች ተቆጡ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ አገር የጸና ሕግ የሞዴልን አምሳያ በዚህ ጥበብ ለመሥራት የራሷ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ሕጉ ለባለ መልኳ ይጠቅማል፤ ፎቶግራፍ አንሺውንና ጠጉር ሠሪዋን ግን ከሥራ መፍታት አያድናቸውም።

ለቤተ ሰብ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ሥዕሉ እጅግ የተዋበ በነበረ ጊዜ ልጅቱ «ይህስ የመጽሔት ነው» ብላ ታልፈው ነበር፤ አሁን ግን በመንገድ የምታልፍ ጎረቤቷን ያየች ይመስላታል፤ ራሷንም ካልነበረች ሴት ጋር ታስተያያለች።

የአበሻ ቀሚስም በስልክ በሚታይ ሥዕል ስለሚታዘዝ፣ ጥለቱ በእጥፋቱ ውስጥ አልፎ ሲወጣ መሥመሩን ይጠብቅ እንደ ሆነ፣ ከሸማውም ጋር የተሸመነ ወይም እንደ ቀለም ላዩ ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ ማየት መልካም ነው። ከዚህም የሚሻለው ቀብድ ከመክፈል በፊት ከሻጩ ጋር በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ቀሚሱን ገልብጦ የውስጥ ስፌቱን እንዲያሳይ መለመን ነው፤ ልብሱ በእጁ ካለ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።