«ለሆድ» የተሠራ ጥበብ

ዛሬ ከደብዳቤዎቻችሁ አንዱን መዝዣለሁ። ጸሐፊው ስዕል ተምሮ የወጣ የ26 ዓመት ወጣት ነው። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ አንድ ማተሚያ ቤት «ማስታወቂያ ሥራልን» ብሎታል። ጓደኞቹ ግን «ጥበብን ለሆድህ ልትሸጥ ነው!» እያሉ አሸማቀቁት። «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ይላል።

ወንድሜ፣ መልሱን ከመስጠቴ በፊት እስቲ አንድ ታሪክ ላጫውትህ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1930ዎቹ አሜሪካ ኢኮኖሚዋ ደቆ ነበር። በ1933 ከ4 ሠራተኛ አንዱ ግድም ሥራ አጥ ነበር። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት በ1935 ደብሊው.ፒ.ኤ. የተባለ የሥራ ፕሮግራም ሲያቋቁም መንገድና ድልድይ ለሚሠራው ብቻ ሳይሆን ለተዋናዩና ለሰዓሊውም ደመወዝ ቆረጠ። አርቲስትስ ቢሆን ይርበው የለ?

በዚሁ ሥር የፌዴራል ቲያትር ፕሮጀክት በሐሊ ፍላናጋን መሪነት በየከተማው ቲያትር ያሳይ ጀመር። ትኬቱ ርካሽ ነበር፤ በነጻ የሚታይም አልጠፋ። ታዲያ ተመልካቹ በምን ይጠራ? በፖስተር!

ፖስተሩ በፊት አንድ በአንድ በእጅ ይሣል ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ አንቶኒ ቬሎኒስ የተባለ ሰዓሊ ሲልክ ስክሪንን አስገባ። አዎ፣ ያው ቲሸርት የሚታተምበት ዘዴ! ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስክሪን ይወጠራል፤ ቀለም በበዛ ቁጥር ድካሙም ይበዛል። ስለዚህ ሰዓሊዎቹ በጥቂት ቀለምና በትልልቅ ቅርጽ ብዙ መናገርን ለመዱ። «ችግር በቅቤ ያስበላል» ማለት ይሄኔ ነው! ለሱቅ ማስታወቂያ ያገለግል የነበረውንም ዘዴ ቬሎኒስና ባልደረቦቹ ለስዕል ጥበብ አበቁት።

ሚያዝያ 1936 የ20 ዓመቱ ኦርሰን ዌልስ ሐርለም ውስጥ «ማክቤዝ»ን በጥቁር ተዋንያን ብቻ ሲያቀርብ፣ በመክፈቻው ምሽት የተሰበሰበው ሕዝብ መንገድ ዘጋ።

ሆኖም የመንግሥት እንጀራ ልጓም አለው። ጥር 1936፣ ማለትም ከማይጨው ጦርነት ሁለት ወር ግድም በፊት፣ ይኸው ፕሮጀክት ስለ ጣሊያን ወረራ «ኢትዮጵያ» የሚል ቲያትር አዘጋጅቶ ነበር። ከላይ «የውጭ አገር መሪ መድረክ ላይ አይወከልም» የሚል ትእዛዝ መጣ። ቲያትሩ አንድ ጊዜ ለጋዜጠኞች ብቻ ታይቶ ቀረ። የኒውዮርኩ ኃላፊ ኤልመር ራይስ ተቆጥተው ሥራቸውን ለቀቁ። በ1939ም ምክር ቤቱ በጀት ነፍጎ ፕሮጀክቱን ዘጋው።

ፖስተሮቹስ? ከጤናውና ከሌላው ማስታወቂያ ጋር ተደምሮ 2 ሚሊዮን ያህል እንደታተመ ይገመታል። ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው 2,000 ያህሉ ናቸው። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ900 በላይ ይዟል፤ ብዙዎቹ የሰዓሊው ስም የለባቸውም። ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ዝናብ ይበላቸው የነበሩት ወረቀቶች ዛሬ ሰብሳቢ የሚሻማባቸው ቅርስ ሆነዋል!

እንግዲህ ወንድሜ፣ ምክሬ ይኸው። አንደኛ፣ ግባ! ጓደኞችህ የቤት ኪራይህን አይከፍሉልህም። ጥበብን የሚያረክሳት ደመወዝ ሳይሆን ግዴለሽነት ነው። ሁለተኛ፣ ከምትሠራው ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ አስቀር፤ ከተፈቀደልህ ስምህንም ጻፍበት። ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚከፍል ሰው «ይሄን ተው» የሚልበት ቀን አይቀርም። ለዚያ ቀን ማታ ማታ ለራስህ ብቻ የምትሥለው አንድ ሸራ ይኑርህ። እሱን ማንም አዝዞ አያስቆምህም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጻፉልኝ። ቸር ይግጠመን!