የኢሪያ የቆሻሻ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አይደር



ፋሲካ እየደረሰ ነው። ቤቱ ሁሉ ይታጠባል፣ ሃሜጹ ይወጣል፣ አሮጌው ፍራሽ፣ እግሩ የተሰበረው ወንበር፣ ዓመት ሙሉ በረንዳ ላይ የከረመው ካርቶን ወደ ደጅ ይጎተታል። በየሰፈራችን የመንገዱ ጥግ ክምር ይሆናል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ የኢሪያ ፖስታ ይመጣል፤ ውስጡ ክናስ ነው። ብዙው ፖስታ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ይገባል። እኛ በማህበራዊ አገልግሎት የምንሰራው ፖስታውን የምናየው ከረፈደ በኋላ፣ ዕዳው አብጦ የባንክ ሂሳብ ላይ ኢኩል ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንለው አንድ ነገር ነው። የቆሻሻው ጉዳይ የንጽህና ጉዳይ አይደለም፤ የማወቅና የመብት ጉዳይ ነው። ደንቡን እኛ ትልልቆቹ ራሳችን እንወቀው፤ ኢሪያም በምንሰማው ቋንቋ ይንገረን። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

ስለ ንጽህናማ ማንም እኛን ሊያስተምር አይችልም። ወላጆቻችን ወንዝ አጠገብ የሰፈሩት ለመንጻት ውሃ ስለሚያስፈልግ ነው። «ኢትዮጵያውያን ያሉበት ህንጻ ይቆሽሻል» የሚል ጎረቤት ሲያጋጥመን የሚያንገበግበንም ለዚህ ነው። በአገር ቤት የሚጣል ነገር እኮ አልነበረም። አመዱ ለእቃ ማጠቢያ ይሆናል፣ እበቱ ለምርጊትና ለኩበት፣ የጓሮው ቅጠል ለከብት፣ የደረቀው እንጀራ ለድርቆሽ። አንጥረኞቻችን ያለቀውን ማረሻ መልሰው አግለው ማጭድ ወይም ቢላዋ ያወጡለታል። ሸክላው ቢሰበር ገሉ እሳት መጫሪያ ይሆናል። ዛሬ «ሚህዙር» እያሉ በስብከት የሚያስተምሩንን ነገር ወላጆቻችን ስም ሳይሰጡት ሲኖሩበት ኖረዋል።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ሁለት ነገር። አንደኛው እቃው ነው። ፕላስቲክ አይበሰብስም፣ ከብት አይበላውም፣ አንጥረኛ አያድሰውም። ሁለተኛው ደግሞ፣ እዚህ አገር ቆሻሻ ቀን አለው፣ ቀለም አለው፣ ህግ አለው። የንጽህና ጥበቃ ህጉ የወጣው በ1984 ነው፤ ከእኛ ብዙዎቹ በሱዳን በኩል በገቡበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ደንብ ጨምሮበታል። በመርከዝ ቅሊታ ስለ ጋዙም፣ ስለ ባንኩም፣ ስለ ቁፓት ሆሊሙም ተነግሮን ይሆናል። ፍራሽ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ ግን ለብዙዎቹ ወላጆቻችን ቁጭ ብሎ የነገራቸው የለም። ከዚያ ወጥተው አፓርታማ ሲገቡ ደንቡን የተማሩት በክናስ ነው። ይህ ውድ ትምህርት ነው።

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ እናስቀምጠው። ከተማ ከከተማ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ የሚሰራው ግን ይህ ነው።

የዕለቱ የቤት ቆሻሻ በከረጢት ታስሮ ወደ አረንጓዴው ወይም ወደ ግራጫው ፓህ ይገባል። ካቶሙ፣ ማለት ብርቱካናማው ፓህ፣ የማሸጊያ ነው፤ የእርጎ እቃ፣ የሻምፖ ጠርሙስ፣ የቆርቆሮ ጣሳ፣ የወተት ካርቶን፣ ላስቲክ ይገባበታል። ሰማያዊው ለወረቀት ነው። ትልልቅ ካርቶን ተጣጥፎ ወደ ራሱ የብረት ቅርጫት ይሄዳል። ሐምራዊው ለመስታወት ነው። የጸሎት መጽሐፍ ቁራጭ፣ የእግዚአብሔር ስም ያለበት ወረቀት ሰማያዊው ውስጥ አይገባም፤ ምኩራብ ያለው ግኒዛ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ይህንን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ።

ጌዜም የሚባለው የጓሮና የዛፍ ቁርጥራጭ ነው። ግሩታኦት የሚባለው ደግሞ ፍራሹ፣ ሶፋው፣ ቁም ሳጥኑ ነው። ክናሱ በብዛት የሚመጣው ከእነዚህ ሁለቱ ነው፤ ምክንያቱም በየሰፈሩ የተወሰነ ቀን አላቸው። ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ከመሰብሰቢያው ቀን በፊት ባለው ማታ ነው። ሶፋው ቀኑ ሳይደርስ ደጅ ካደረ ፓካሁ ፎቶ አንስቶ ዶህ ይጽፋል። ፍራሹ ያው ፍራሽ ነው፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው፤ ቅጣት ያመጣው ቀኑ ነው። ጌዜሙንና ግሩታኦቱን መቀላቀልም ችግር ያመጣል፤ በብዙ ከተማ የሚወስዳቸው መኪና የተለያየ ነው።

ፍሪጅ ወይም ልብስ ማጠቢያ ስትቀይሩ ደግሞ አሮጌውን ለመጎተት ወገባችሁን አትጉዱ። በ2012 የወጣ ህግ አለ፤ አዲሱን የሸጠላችሁ ሱቅ ተመሳሳዩን አሮጌ እቃ ሲያደርስ መልሶ መውሰድ አለበት። እቃውን ስትገዙ ጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይም ይጻፍላችሁ።

የተረፈ ዳቦ በላስቲክ አድርጋችሁ ፓሁ ጎን ላይ የምትሰቅሉ እናቶች ምን እያሰባችሁ እንደሆነ ይገባናል። እህል አይጣልም። ግን አይጥና ድመት ይጎትተዋል፣ ጎረቤትም ያጉረመርማል። ከተቻለ ድርቆሽ ይሁን፤ ካልተቻለ ለብቻው በከረጢት ተጠቅልሎ በክብር ይግባ።

አሁን ወደ ፖስታው እንመለስ። ዝም አይነቅዝም ይላል የእኛ ሰው። የኢሪያ ወረቀት ግን ዝም ሲሉት ይነቅዛል። የንጽህና ክናስ ብዙ መቶ ሼቄል ሊሆን ይችላል። በጊዜው ካልተከፈለ ግማሹን ያህል ይጨመርበታል፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ እየጨመረ ይሄዳል። ግን ያው ወረቀት መብትም ይዟል፣ ብዙዎቻችን ጀርባውን ስለማናነብ ነው እንጂ። ቅጣቱ ይሰረዝልኝ ብሎ ለማመልከት 30 ቀን አለ። ለመክፈል፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቤ ልሟገት ለማለት 90 ቀን አለ። እቃው የእናንተ ካልሆነ፣ ሰው አምጥቶ በራችሁ ላይ ጥሎት ከሆነ፣ ወይም ኢሪያ ራሱ በቀኑ ሳይወስደው ቀርቶ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ተጽፎ መቅረብ የሚችል ነገር ነው። ማመልከቻው ጠበቃ አያስፈልገውም። በብዙ ከተማ ሺል የሚባለው የምክር አገልግሎት በነጻ ይረዳል፤ የማህበረሰባችን መገሽሮችም አሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በአሥረኛው ቀን የመጣ ሰው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ይረዳል። በአሥራ አንደኛው ወር የመጣ ሰው ግን ቢያለቅስም የሚሰማው የለም።

ልባችንን የሚነካው ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ፖስታውን ማን እንደሚያነበው አስቡ። ብዙ ቤት ውስጥ የሚያነበው ልጅ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ወረቀቱን ይዞ «አባዬ፣ ቆሻሻ መንገድ ላይ ጥለሃል ይላሉ» ብሎ ሲተረጉም፣ ያ ልጅ ያነበበው የሼቄል ቁጥር ብቻ አይደለም። አባቱ በአገሩ ህግ ፊት ሲያፍር ያያል። አንዳንዱ ልጅ አባቱ እንዳያፍር ብሎ ወረቀቱን ይደብቀዋል። አንዳንዱ ደግሞ «እናንተ ምንም አታውቁም» ማለት ይለምዳል። እኛ በ1984ም በ1991ም በልጅነታችን የመጣን ይህንን ስራ ሰርተነዋል፤ ኢሪያም፣ ቢቱዋህ ሌኡሚም፣ ሐኪም ቤትም ለወላጆቻችን አስተርጓሚ ነበርን። ያ ትውልድ አማራጭ አልነበረውም። ዛሬ ግን አማራጭ አለ። ልጁ የቤት ስራውን ይስራ፤ የኢሪያን ፖስታ ትልቅ ሰው ወደ ትልቅ ሰው ይውሰደው።

«ታዲያ 40 ዓመት አገር ውስጥ ተቀምጠው ዕብራይስጥ ለምን አልተማሩም?» የሚል አለ፣ ከውጭም ከራሳችን ልጆችም። መልሱ ቀላል ነው። በገዛ ቋንቋቸውም ፊደል ሳይቆጥሩ የመጡ እናቶች አሉ። በ50 እና በ60 ዓመታቸው ኡልፓን ተቀምጠው፣ ከዚያ ወጥተው ሌሊት ሌሊት ቢሮ ያጸዱ ናቸው። የዚህን አገር ወለልና ደረጃ ሲያጸዱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ስለ ንጽህና ክናስ ሲጻፍባቸው፣ ቢያንስ በሚሰሙት ቋንቋ ሊነገራቸው ይገባል። ደግሞም ኢሪያው ለዚህ አዲስ አይደለም፤ ሩሲያኛ ተናጋሪ በበዛበት ሰፈር በሩሲያኛ መለጠፍ ያውቅበታል።

ከኢሪያ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የጌዜምና የግሩታኦት ቀን በአማርኛ ተጽፎ ህንጻው መግቢያ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ በድምጽ ተቀድቶ በስልክ ይላክ፤ ይህ ብዙ ወጪ የለውም። 106 ሲደወል አማርኛ የሚሰማ ሰው ይኑር፣ ባይኖር እንኳ መልሶ የሚደውል። አዲስ ደንብ ሲወጣ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይምጣ፣ ክናስ ከዚያ በኋላ። አርኖና እንከፍላለን። የከተማው የቆሻሻ አገልግሎት የሚሄደው በዚያ ብር ነው። አብዛኛው የአገሪቱ ቆሻሻ ዛሬም ይቀበራል፣ ከ2007 ጀምሮም ለሚቀበረው ለእያንዳንዱ ቶን ኢሪያው ለመንግስት ይከፍላል። ስለዚህ እናቶቻችን በትክክል ቢለዩ የሚጠቀመው ኢሪያው ራሱ ነው። አንድ የአማርኛ ወረቀት ማሳተም ለእነሱም ያዋጣል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ዝም ብለን ልናልፈው የማንችለው። ጠርሙስ የሚሰበስቡ አባቶችና እናቶች። ፒካዶን የሚል ምልክት ያለበት እያንዳንዱ ጠርሙስና ጣሳ 30 አጎሮት ይመልሳል፤ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ትልቁ የአንድ ሊትር ተኩል ጠርሙስም ገብቶበታል። 100 ጠርሙስ 30 ሼቄል ማለት ነው። አንዳንድ ልጆች ወላጆቻቸው ጠርሙስ ሲለቅሙ ያፍራሉ፣ ሲቆጡም ሰምተናል። ምን የሚያሳፍር ነገር አለው? አልሰረቁ፣ አልለመኑ። የሰፈሩን መንገድ እያጸዱ ነው።

ግን ጥያቄው ሌላ ቦታ ነው። የ75 ዓመት ሰው በሐምሌ ፀሐይ ከረጢት ተሸክሞ የሚዞረው መንቀሳቀስ ደስ ስለሚለው ከሆነ፣ ዕድሜ ይስጠው። ለዳቦ መግዣ ከሆነ ግን መጀመሪያ መብቱ ይታይ። ከኪጽባት ዚክና ጋር ሃሽላማት ሃኽናሳ የሚገባቸው፣ ግን ጠይቀው የማያውቁ አረጋውያን አሉ። እሱን የሚያገኝ ሰው አርኖና ላይም ትልቅ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። ልጆች ሆይ፣ እናታችሁን ጠርሙሱን ጣይው ከማለታችሁ በፊት ቢቱዋህ ሌኡሚ ይዛችኋት ሂዱ።

ለራሳችን ደግሞ ይህንን እንበል። የቫአድ ባይት ስብሰባ ሲጠራ እንሂድ፤ ያልተገኘ ሰው ነው ሁልጊዜ ጥፋተኛ የሚሆነው። የሰፈራችሁን የጌዜምና የግሩታኦት ቀን በዚህ ሳምንት 106 ደውላችሁ ጠይቁ፣ ፍሪጁ በር ላይም በአማርኛ ለጥፉት። 106 ስትደውሉ የጥሪውን ቁጥር ተቀበሉ፣ ቀኑን ጻፉ። ኢሪያው ሳይወስድ ቢቀር ማስረጃችሁ እሱ ነው። ደጃችሁ ላይ የሌላ ሰው ሶፋ ካገኛችሁ ፎቶ አንሱና የዚያኑ ዕለት አሳውቁ። ማንበብ የምንችል ወጣቶችና ጎልማሶች እያንዳንዳችን በህንጻችን ያሉ ሁለት ሦስት አረጋውያንን እንያዝ። ከሰንበት ጸሎት በኋላ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ሁለት ደቂቃ ወስደው የመሰብሰቢያውን ቀን ቢናገሩ፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሰማል።

ፖስታ መሳቢያ ውስጥ ያለው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ያውጣው። ቀኑን እዩት። 30 ቀን ካልሞላው፣ ነገ ጠዋት ሺል ወይም መገሽር ጋ ይዛችሁ ሂዱ። ከ90 ቀን ቢያልፍም አትተዉት፤ ጨርሶ ካልጠየቃችሁ መልሱ በእርግጥ የለም ነው።

ሐግ ሳሜህ፣ መልካም ፋሲካ። ጤናና ዕድሜ ይስጥልን።