ነጌቲቩን መሰረዝ ማሰብ አይደለም

በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። ተማሪው የኳድራቲክ እኩልታውን በቀመር ይፈታና ሁለት ቁጥሮች ያገኛል፤ ከዚያም «ነጌቲቭ ስለሆነ አይወሰድም» ብሎ አንዱን ይሰርዛል፣ በሌላው ሥር ያሰምራል። አራሚውም ነጥቡን ይሰጠዋል። ልማዱ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። እነዚህ ቁጥሮች፣ ማለትም የፈንክሽኑ ዜሮዎች፣ ስለ ተነሣው ጉዳይ የሚናገሩትን ከተማሪው ይሰውርበታል፣ አንዳንዴም በቀጥታ ያሳስተዋል። የትኛው ዜሮ ተቀባይነት እንዳለው የሚወስነው ጥያቄው የተነሣበት ሁኔታ ነው፤ የቁጥሩ ምልክት ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20 ሜትር የሆነ ግቢ እንውሰድ። በአጥሩ ውስጥ ዙሪያውን ስፋቱ እኩል የሆነ መንገድ ወጥቶለት ለአትክልት 336 ካሬ ሜትር ቢቀር፣ የመንገዱ ስፋት ስንት ነው? እኩልታው 3 እና 22 የሚሉ ሁለት መልሶች ይሰጣል። ሁለቱም ፖዘቲቭ ስለሆኑ የለመድነው ደንብ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም። ወርዱ 20 ሜትር በሆነ ግቢ ውስጥ በግራም በቀኝም 22 ሜትር መንገድ ማውጣት እንደማይቻል የሚያስተውለው ግቢውን በዓይነ ኅሊናው የሚያይ ተማሪ ብቻ ነው። 22 ከየት እንደመጣ የጠየቀም ምክንያቱን ያገኛል፤ የአትክልቱ ጎኖች −14 እና −24 ይሆናሉ፣ የሁለት ነጌቲቮች ብዜት ደግሞ 336 ነው። አልጀብራው አልተሳሳተም፤ የተጠየቀው ስለ ብዜቱ እንጂ ስለ ግቢው አልነበረም።

ሁለቱም ዜሮዎች ተቀባይነት ኖሯቸው ትርጉማቸው የሚለያይበት ጊዜም አለ። አንዱን አምባሻ ለመጋገር 10 ብር የሚያወጣ ነጋዴ ዋጋውን በአንድ ብር በጨመረ ቁጥር አንድ ገዢ ቢያጣ፣ 40 ብር ላይ ሲደርስም ገዢ ባይኖረው፣ ትርፉ በ10 እና በ40 ብር ዜሮ ይሆናል። በ10 ብር ሠላሳ አምባሻ ሸጦ ምንም አያተርፍም፤ በ40 ብር ደግሞ ምንም አይሸጥም። ከፍተኛው ትርፍ፣ 225 ብር፣ የሚገኘው በሁለቱ ዜሮዎች መካከለኛ ነጥብ በ25 ብር ነው። አንዱን ዜሮ የሰረዘ ተማሪ ይህን መካከለኛ ነጥብም አብሮ ያጣል።

ነጌቲቩም ቢሆን ባዶ ቁጥር አይደለም። ከ15 ሜትር ከፍታ ላይ በሴኮንድ 10 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ፣ የስበቱ መጠን 10 ተብሎ ሲሰላ፣ ዜሮዎቹ 3 እና −1 ናቸው። 3 መሬት የሚደርስበት ሴኮንድ ነው። −1 ደግሞ ድንጋዩ ከመሬት ተወርውሮ ቢሆን ኖሮ መነሻው ከአንድ ሴኮንድ በፊት ይሆን እንደነበር ይናገራል። የሁለቱ መካከል 1 ሲሆን፣ በዚያች ሴኮንድ ድንጋዩ 20 ሜትር ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። 25 ሜትር መቼ ይደርሳል ብለን ብንጠይቅ ዲስክሪሚናንቱ፣ በቀመሩ የሥር ምልክት ውስጥ ያለው ቁጥር፣ ነጌቲቭ ይሆናል፤ ድንጋዩ እዚያ ከፍታ ፈጽሞ አይደርስም ማለት ነው። ይህን «መልስ የለውም» ብሎ ማለፍ የተገኘውን መልስ መጣል ነው።

የሒሳብ ሊቁ አልኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዘመን ነጌቲቭ መልሶችን አልተቀበለም ብሎ የሚከራከር ይኖራል። እውነት ነው። እርሱ ግን መፍትሔዎቹን በካሬና በሬክታንግል ሥዕል ያረጋግጥ ነበር፤ ርዝመት ከዜሮ በታች ሊሆን እንደማይችል ከሥዕሉ ይታያል። እኛ ሥዕሉን ትተን ስረዛውን ብቻ ወረስን።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የመምህራኑ ነው፤ ክፍሉ በተማሪ የተሞላ ነው፣ ፈተናው ምርጫ ነው፣ የቃላት ጥያቄ ደግሞ በእንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ድርብ ሸክም ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አይጠይቅም። ከአሥር እኩልታዎች ስድስቱን ቀንሶ በቀሩት በእያንዳንዱ ዜሮ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስጻፍ ይቻላል፤ ተማሪው መጀመሪያ በሚቀለው ቋንቋ ቢያስረዳው ሸክሙ ይቀልለታል። ቀመሩን ማወቅ ግዴታ ነው፤ ማስላቱን ግን ዛሬ ስልክም ይሠራዋል። ግቢውን፣ ዋጋውንና ድንጋዩን አይቶ የሚፈርደው ሰው ስለሆነ፣ ነጥብ መሰጠት ያለበት ለዚህ ፍርድ ነው፤ ያለ ምክንያት የተሰረዘ ዜሮም ነጥብ ሊያስቀንስ ይገባል።