ሽርሽር በጀውሃ

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ ተሳፍሮ ጀውሃ ላይ መውረድና ጥቂት በእግር መሄድ ቀላል ሽርሽር ነው። አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ አገሩም ቆላ ነውና ማለዳ ተነሡ።

ወንዙን ግን አትመኑት። ምንጩ ደጋ ስለ ሆነ፣ ቆላው ሳይዘንብበት ደራሽ ይወርዳል። አንድ ክረምት ከልጄ ጋር በአሸዋው ላይ አርፈን ሳለ፣ አንዲት እናት «ጌታው፣ ይነሡ! ደጋው ጠቁሯል» አሉኝ። ከላያችን ሰማዩ ጠርቶ ነበርና በልቤ ሣቅሁ፤ ነገር ግን እርሳቸውን ለማክበር ተነሣሁ። ጥቂት ቆይቶ የተቀመጥንበትን አሸዋ ውኃ ዋጠው።

ልጄም «አባባ፣ እርስዎ አላወቁም ነበርን?» አለኝ። «አላወቅሁም» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ወደ ወንዝ ሳልወርድ የአገሩን ሰው እጠይቃለሁ፤ እናንተም ጠይቁ።