ጥቁሩን ማን በላው?

የሠርግ ቪዲዮ ስታዩ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ አንዳንዴ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንዳንዴ ደግሞ ሱፉ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ኮሌታው ከደረቱ አይለይም፤ የቬሎው ጥልፍ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይመስላል፤ ጥግ ላይ የተቀመጡት ጠይም አክስት ከነፊታቸው ጥላው ውስጥ ይቀራሉ። ፍርዱ ፈጣን ነው፦ «ካሜራማኑ ቀሽም ነው!» አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ካሜራማኑ በደንብ የቀረጸውን ያበላሸው በኋላ ኮምፒውተር ላይ የተፈጸመ የቁጥር ስህተት ነው። ስለዚህ ስህተት የምንጽፈው የቴክኒሺያኖች ጣጣ ብቻ ስላልመሰለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው 8 ቢት ቪዲዮ የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይጻፋል። ኮምፒውተርና ፎቶ 0ን ድፍን ጥቁር፣ 255ን ድፍን ነጭ ይሉታል፤ ይህ ፉል ሬንጅ ይባላል። ቴሌቪዥን ግን የራሱ ወግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውና ዛሬ ቢቲ 601 የሚባለው የዲጂታል ቴሌቪዥን መስፈርት ጥቁርን 16 ላይ፣ ነጭን 235 ላይ አስቀመጠ። ከታችና ከላይ የተረፈው ቦታ፣ ምልክቱ ከመስመሩ ትንሽ ሲያልፍ እንዳይቆረጥ የተተወ መጠባበቂያ ነው። ይህ ደግሞ ሊሚትድ ሬንጅ ይባላል። ለኤችዲ የወጣው ቢቲ 709ም ይህንኑ ወርሷል፤ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ቪዲዮዎች በዚሁ የተጻፉ ናቸው።

ለእኛ ይህን መረዳት ከባድ አይደለም። በሁለት ሰዓት አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ነን! «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ከውጭ የመጣ እንግዳ የቀጠረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ግን የሚያነቡት በተለያየ ሰዓት ነው። ቪዲዮም እንደዚሁ ነው። ፋይሉ በአንዱ ተጽፎ በሌላው ሲነበብ ቀጠሮው ይፈርሳል።

አፈራረሱ ሁለት ዓይነት ነው። ሊሚትድ የሆነው ሳይለጠጥ እንደ ፉል ከታየ ጥቁሩ 16 ላይ፣ ነጩ 235 ላይ ይቀርና ምስሉ ይገረጣል፤ አመዱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፉል የሆነው እንደ ሊሚትድ ከተነበበ ደግሞ ከ16 በታች ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር፣ ከ235 በላይ ያለው ሁሉ ድፍን ነጭ ይሆናል፤ 30 የነበረው ጥላ እንኳ ወደ 16 ይወርዳል። የመጀመሪያው ስህተት ይስተካከላል። ሁለተኛው ግን በዚያው መልክ እንደገና ኢንኮድ ከተደረገ፣ የተቆረጠውን የሚመልስ ኤዲተር የለም።

አንዱ ሶፍትዌር የቀየረውን ሌላው ሳያውቅ እንደገና ሲቀይረው ሌላ መዘዝ ይመጣል። ፉሉ ወደ ሊሚትድ ሁለቴ ከታመቀ 0 መጀመሪያ 16፣ ቀጥሎ 30 ይሆናል፤ 255 መጀመሪያ 235፣ ቀጥሎ 218 ይሆናል። ከዚያ ኤዲተሩ «ደብዝዟል» ብሎ ኮንትራስቱን ይጨምራል፤ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ይታዘዛል።

መለያም አለ። እንደ ኤች.264 ያሉ ኮዴኮች ፋይሉ በየትኛው ሬንጅ እንደተጻፈ የሚናገር ምልክት ይይዛሉ። ምልክቱን መቀየርና ቁጥሮቹን መቀየር ግን ለየቅል ናቸው፤ በቀጠሮው ወረቀት ላይ «በፈረንጅ ሰዓት» ብሎ መጨመር ሦስትን ዘጠኝ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ካሜራ ቪዲዮውን በፉል ሬንጅ ይጽፍ ነበር፤ ያን ምልክት ያላከበሩ ሶፍትዌሮች ጥላውን በሉት። ዛሬም አንዳንድ ስልኮች በፉል ሬንጅ ይቀርጻሉ። የስልኩና የቴሌቪዥን ካሜራው ቀረጻ አንድ ታይምላይን ላይ ሲገናኙ ጠቡ ይጀመራል።

«ተመልካቹ በስልክ ነው የሚያየው፣ ማን ልብ ይለዋል?» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ከታች የሚቆረጠው ቁጥር ባዶ አይደለም። ቡና በሚፈላበት ደብዛዛ ሳሎን፣ ሻማ ብቻ በበራበት ቅዳሴ፣ ማታ በተደረገ ቃለ ምልልስ ላይ የጥቁር ሰው ፊት የሚቀመጠው በታችኞቹ ቁጥሮች አካባቢ ነው። መቀሱ ከታች ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች የተናጋሪ ቃል ተቆርጦ ሲቀርብ እንጮሃለን፤ ፊቱ ሲቆረጥስ ለምን ዝም እንላለን?

የባሰው ደግሞ የድሮ ካሴቶች ጉዳይ ነው። የወላጆቻችን ሠርግ፣ የአያቶቻችን ድምፅ ያለበት የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ፋይል ተገልብጦ ካሴቱ ይጣላል። ሲገለበጥ ሬንጁ ሁለቴ ከተለጠጠ ግን የቀረን ጥላው የተበላ ቅጂ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኤዲተሮች ሆይ፣ ብራይትነስ ከመነካካታችሁ በፊት ፋይሉ በየትኛው ሬንጅ እንደተጻፈ ጠይቁ። ለቴሌቪዥንም ለኢንተርኔትም ስታወጡ፣ የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ ሊሚትድን ምረጡ፤ የምትቀይሩትም አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። ከጥቁር ወደ ግራጫ በደረጃ የሚሄድ የሙከራ ምስል ሠርታችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳልፉት፤ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ከተዋሃዱ አንድ ቦታ መቀስ አለ። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ካገናኛችሁም የሁለቱ ሬንጅ መግባባቱን አረጋግጡ፤ ፋይሉ ደህና ሆኖ ስክሪኑ ሊዋሽ ይችላል።

ካሴት የምታስገለብጡ ደግሞ ቅጂውን ሳታዩ ገንዘቡን አትክፈሉ። ጨለማ ያለበትን ቦታ መርጣችሁ ከካሴቱ ጋር አስተያዩት። ካሴቱንም አትጣሉት፤ ቅጂው ቢሳሳት ይግባኝ የምንለው ወደ እሱ ብቻ ነው።