ፎቶግራፍ አንሺዎች እርስ በርሳቸው እንዴት ይመካከሩ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን በየቤቱ ስለ ገባ፥ ነገር ግን እንደሚገባው ስላልታሰበበት አንድ ጕዳይ ልናመለክት ወደናል። ይኸውም ለእንጀራቸው ሳይሆን ለደስታቸው ብለው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች፥ ያነሡትን እያሳዩ እርስ በርሳቸው ስለሚሰጣጡት ምክር ነው።

ዱሮ ካሜራ ያለው ሰው በሰፈሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ዛሬ ግን ካሜራ በስልክ ውስጥ ሆኖ በብዙ ሰው ኪስ ይገኛል። በሠርግም፥ በክርስትናም፥ በማኅበርም ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በዚያው ሰዓት ለወዳጅ ዘመድ ይላካል። የተመልካቹም መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ግሩም ነው፤ እጅህ ይባረክ» ይላል። ይህ ቃል መልካም ቃል ነው፤ የደከመን ሰው ያስደስታል። ነገር ግን ሥዕሉን ያነሣው ሰው በሚመጣው ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው አይነግረውም።

የዚህን ነገር ጕዳት አንድ የምናውቀው ወጣት ባገኘው ነገር እንገልጣለን። ይህ ወጣት በፋሲካ ዕለት አያቱን ፎቶግራፍ አነሣቸው። እርሳቸውም አዲስ ነጠላ ተከናንበው፥ ፀሓይ በሞላበት በር ፊት፥ ጀርባቸውን ለብርሃኑ ሰጥተው ተቀምጠው ነበር። ወጣቱ ሥዕሉን ለቤተ ሰቡና ፎቶግራፍ ለሚያነሡ ጓደኞቹ ባሳየ ጊዜ ሁሉም አመሰገኑት። ከጓደኞቹ አንደኛው ግን የአያትዮዋ ፊት ጠቍሮ ዓይናቸው እንኳ እንደማይለይ አይቶ ነበር። ዳሩ ግን «በበዓል ቀን የጓደኛዬን ደስታ ለምን አበላሻለሁ» ብሎ ዝም አለ።

አያትዮዋም የሚቀጥለው ፋሲካ ሳይደርስ ዐረፉ። በልቅሶው ድንኳን የሚቀመጥ ሥዕል በተፈለገ ጊዜ በቅርቡ የተነሡት ያ አንዱ ብቻ ሆነ። አሳድገው ባሳተሙት ጊዜ የነጠላው ጥለት በደንብ ይታያል፤ ፊታቸው ግን የለም። በስልኩ አብርተው ለማውጣት ቢሞክሩም ዐመድ የመሰለ ነጠብጣብ እንጂ የሚታወቅ መልክ አልወጣም። ያን ጊዜ ጓደኛው «እኔስ ያን ዕለት አይቼው ነበር» ብሎ ተናገረ። ያን ዕለት ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ወንበሩን ወደ በሩ ማዞር ብቻ ይበቃ ነበር።

ይህን ያደረገው ክፋት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በብዙ ነገር ጌጣችን ነው፤ ሰውን በሰው ፊት ከማዋረድ ይጠብቀናል። ነገር ግን ለማረም ጊዜ ሳለ ዝም የሚያሰኝ ይሉኝታ ወዳጅነት ተብሎ ሊቈጠር አይገባውም። ቤት ቢጠም ይታደሳል፤ ልብስ ቢጠብ ይተረተራል፤ የተነሣው ሰው ግን ተመልሶ ላይቀመጥ ይችላልና።

በሌላ ወገን ደግሞ ያለ ልክ የሚናገሩ አሉ። የአንዲትን ጀማሪ ልጅ ሥዕል በብዙ ሰው ፊት «ይህ ምን ሥዕል ነው፤ ተዪው» ብለው ቢያሳፍሯት፥ ልጅቱ ካሜራዋን ከሣጥን ከታ ትተወዋለች። እንዲህ ያለውም ተናጋሪ ከዝምተኛው አይሻልም። ሁለቱም ስሕተቱ የት እንደ ሆነና በምን እንደሚቃና አላሳዩምና።

ሙያ ያለ መካሪ እንደማያድግ የዚህ ጥበብ ታሪክ ይመሰክራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ሙያቸውን ለልጆቻቸው ለሃይጋዝና ለቶኒ አስተላልፈዋል። ልጅ ከአባቱ አጠገብ ቆሞ እያየ፥ ሲሳሳት እየታረመ ይማር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. ግን አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ አወጣ፤ 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም በውስጡ ነበረበት። ባለቤቱ አንሥቶ ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፤ እነርሱ አጥበውና አትመው፥ አዲስ ፊልምም ከተውበት ይመልሱለታል። በዚህም ምክንያት ፎቶግራፍ ማንሣት የተራ ሰው ደስታ ሆነ፤ ነገር ግን ይህ ሰው ከአጠገቡ ቆሞ የሚያርመው መምህር አልነበረውም።

ስለዚህ ፎቶግራፍ ወዳዶች እርስ በርሳቸው መምህር መሆን አስፈለጋቸው። በሎንዶን የፎቶግራፍ ማኅበር የተቋቋመው አስቀድሞ በ1853 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ኋላም በእንግሊዝ አገር ተራርቀው የሚኖሩ ወዳጆች ሌላ ዘዴ አገኙ። እያንዳንዱ አንድ ሥዕል በሣጥን ያኖራል፤ ሣጥኑም ከደብተር ጋራ በፖስታ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። የደረሰው ሰው ሥዕሎቹን መርምሮ አሳቡን በደብተሩ ይጽፍና ለሚቀጥለው ይልካል። ሣጥኑ ተመልሶ ሲደርስ ባለሥዕሉ የጓደኞቹን ሁሉ ምክር ባንድነት ያነባል። በአገራችንም ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የልዩ ልዩ አገር ሥራዎችን ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ የእንግሊዞቹ ሣጥን ለቤተ ሰብና ለጓደኞች የሚሆን ትምህርት ይሰጠናል። የሚጽፍ ሰው ሥዕሉን ደጋግሞ ሳያይ ሊጽፍ አይችልም፤ የጻፈውንም ሌላው ስለሚያነበው ስድብ ለመጻፍ ያፍራል። አራት ወይም አምስት ጓደኞች በወር አንድ ቀን ተሰብስበው፥ እያንዳንዳቸው አንድ ሥዕል ብቻ ይዘው ቢመጡ ይበቃቸዋል። አንድ ብቻ ያልንበት ምክንያት፥ ከብዙ ውስጥ አንዱን መምረጥ ራሱ ግማሽ ትምህርት ስለ ሆነ ነው።

መካሪው ሦስት ነገር በተራ ቢናገር መልካም ነው። መጀመሪያ ዓይኑ በሥዕሉ ላይ ወዴት እንደ ሄደ ይናገር፤ «ከእናቲቱ ይልቅ ከኋላዋ ያለውን ቢጫ ጀሪካን አየሁ» ቢል ባለሥዕሉ ወዲያው ይረዳዋል። ሁለተኛ መልካም የሆነውን ለይቶ ይንገረው፤ «ግሩም ነው» ከማለት «የቡናው ጢስ በመስኮቱ ብርሃን መታየቱ ግሩም ነው» ማለት ይሻላል፤ ባለሥዕሉ ደግሞ እንዲያደርገው ያውቃልና። ሦስተኛ ሊለወጥ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ይጠቍም፤ «አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትሄድ ጀሪካኑ ከጀርባዋ ይሰወር ነበር» ይበል። አሥር ጕድለት በአንድ ጊዜ የተነገረው ሰው አንዱንም አያርምም።

በጀማሪዎች ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚታዩትን ጕድለቶች ከነመድኀኒታቸው እዚህ ላይ እንዘረዝራለን።

ፊት የሚጠቍርበትን ምክንያት አስቀድመን እንመልከት። ካሜራ በፊቱ ያለውን ብርሃን ለክቶ ጠቅላላውን ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማድረስ ይሞክራል። ስለዚህ ነጭ ነጠላ ወይም ብሩህ ሰማይ ሥዕሉን ሲሞላው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሁሉን ያጨልማል፤ ጠይሙ ፊትም አብሮ ይጨልማል። የዛሬ ስልኮች ፊትን ለይተው ለማብራት ቢሠሩም ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በስልኩ መስተዋት ላይ የሰውዬውን ፊት በጣት መንካትና ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ነው። ከዚህም የሚሻለው፥ ሰውዬውን ከደጃፉ ወደ ውስጥ ጥቂት አግብቶ በጥላ ማስቀመጥ፥ ፊቱንም ወደ ውጭ ማዞር ነው። ያን ጊዜ ፊቱም ነጠላውም ባንድነት ይታያሉ።

የጠቈረውን ፊት «መልኩ ነው እንጂ ሥዕሉ አይደለም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት የቀለም ሥዕል አትሞ የሚያወጣው ሰው ቀለሙን የሚያስተካክለው በአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ነበር፤ እርሱም «የሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። በዚህ ምክንያት የጠቈር ያለ ሰው መልክ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ጠፍቶ ይወጣ ነበር። ጕድለቱ የመሣሪያውና የአሠራሩ እንጂ የመልኩ አይደለም።

ሁለተኛው የቀትር ፀሓይ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ መጽሐፍ «ፀሓይን ከጀርባህ አድርግ» ብሎ ቢመክር ለዚያ አገር ደኅና ይሆናል። የእኛ አገር ግን ለምድር ወገብ የቀረበ ስለ ሆነ ፀሓይ በቀትር ከራስ በላይ ትቆማለች፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ በአናታችን ትክክል ታልፋለች። ስለዚህ በ6 ሰዓት የተነሣ ሰው ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ይሰወራል። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፥ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ማንሣት ይሻላል። ነገር ግን በአገራችን ፀሓይ ፈጥና ትጠልቃለችና የማታውን ብርሃን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ሦስተኛው ቅርበት ነው። ስልክን ወደ ፊት እጅግ ያቀረበ ሰው አፍንጫን ያገዝፋል፥ ጆሮን ያሳንሳል። ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቢል መልክ እንደ ተፈጥሮው ይወጣል። አራተኛውም የጣት ወዝ ነው፤ ሌንሱ በወዝ ሲሸፈን ሥዕሉ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። ከማንሣት በፊት በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ከብዙ ምክር ያድናል።

የምክር ተቀባዩም ሥራ አለው። ጓደኛው ሲናገር «ብርሃኑ ስለ መሸ ነው፤ ልጁ ስለ ተንቀሳቀሰ ነው» እያለ አይከራከር፤ ሥዕሉን የሚያዩት ሌሎች ሰዎች ይህን ምክንያት አይሰሙምና። ነገር ግን የተነገረውን ሁሉ መቀበል ግዴታ አይደለም። አንድ ሰው ብቻ የተናገረው የፍቅዱ ጕዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያንኑ ቦታ ካሳዩ ግን በዚያ ስፍራ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያም በሳምንቱ ያንኑ ነገር ደግሞ አንሥቶ ፊተኛውንና ኋለኛውን ጐን ለጐን ቢያይ ከማናቸውም መጽሐፍ ይበልጥ ይማራል።

ደግሞም አንድ ነገር አይረሳ። ሥዕሉ የአንሺው ቢሆንም መልኩ የተነሣው ሰው ነው። የእናትን፥ የጎረቤትን ወይም የልጅን ሥዕል በጓደኞች መካከል ለምርመራ ከማውጣት በፊት «ላሳየው ወይ» ብሎ መጠየቅ ጨዋነት ነው፤ ስለ ልጅም ወላጆቹን መጠየቅ ይገባል። መካሪዎቹም ስለ ብርሃኑና ስለ አነሣሡ ይናገሩ እንጂ ስለ ሰውዬው ውፍረት፥ ስለ ልብሱ ወይም ስለ ቤቱ ድኽነት አንዳች አይናገሩ።

ከላይ ስለ ነገርናችሁ ወጣት አንድ ቃል ጨምረን እንፈጽማለን። ወጣቱ ጓደኛውን አልተጣላውም። ነገር ግን ሁለቱ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሲሉ ተስማሙ፤ ማናቸውም ሥዕል ሲያሳዩ «እንዴት ነው» ብለው አይጠያየቁም፤ «ምን ይጐድለዋል» ብለው ይጠያየቃሉ። ጥያቄው እንዲህ ሲሆን መላሹ ከይሉኝታ ነጻ ይወጣል፤ እውነት እንዲናገር ተለምኗልና። በመጀመሪያውም ሥራ የወጣቱን እናት በደጃፉ ጥላ አስቀምጠው፥ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አነሡ። ሥዕሉንም በወረቀት አሳትመው በጀርባው ስማቸውንና ቀኑን ጻፉበት፤ ዛሬ በቤቱ ግድግዳ ላይ ይታያል።

እናንተም አንባቢዎቻችን በሚመጣው በዓል ቤተ ሰባችሁን ስታነሡ፥ ሰዎቹ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ሥዕሉን ለአንድ እውነተኛ ወዳጅ አሳዩና «ምን ይጐድለዋል» በሉት። እናንተም ስትጠየቁ ያያችሁትን በፍቅር ተናገሩ።